ከመሬት በታች ያለ

ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ በሚያዝያ ቅዝቃዜ፣
ባንኩ ልኮኝ ደረስኩ በቀጠሮው ጊዜ።
የብረት ማዕድን ጫኝ መርከብ ከሚታይበት፣
ከዱሉዝ ዳገት ላይ፣ አንዲት ቢጫ ቤት።

አርቪድ ላህቴላ በሩን ቀድሞ ከፍቶ፣
ሸሚዙን ተኩሶ፣ ጺሙን ተላጭቶ፣
ልጁን እንደሚድር አባት ቆሞ ጠበቀኝ፤
«ጣራዬ ያፈሳል፣ ለሱ ነው ብድሩ፣
ሌላ ነውር የለውም፣ ግቢና እዪው» አለኝ።

ሃያ ሁለት ዓመት ቤት ስገምት ኖሬ
አንድ ነገር አውቃለሁ፣ ትናንትም ዛሬ፦
ቀይዋ የመለኪያ ጨረር ግድግዳ ስትነካ፣
ባለቤቱ ትንፋሹን ይውጣል፣ እሱ እንደሚለካ።

ርዝመቱን በወርዱ፣ ክፍሉን ከክፍል ደምሬ፣
የማሞቂያውን ዕድሜ፣ የቧንቧውን ዝገት መርምሬ፤
መኝታ ቤት ሦስት፣ መታጠቢያ አንድ፣
ጋራዥ የለውም፣ መኪናው ከመንገድ።
«ሁኔታው፦ መካከለኛ» ስል ጎንበስ ብሎ አነበበና
«መካከለኛ ምን ማለት ነው?» አለኝ በትሕትና።
በቅጹ ቋንቋ ይኼ ምስጋና እንደሆነ
ሳልነግረው ቀረሁ፤ ፊቱ ግን ዳመነ።

«ዋናው ነገር» አለ «ያለው ከምድር ቤት»፤
መብራቱን አበራ። ሳውና ነው። የበርች እንጨት፣
ሦስት እርከን መቀመጫ፣ ምድጃው ከድንጋይ፤
እሱና ወንድሙ ኤይኖ፣ በሸርተቴ፣ በረዶ ላይ
ከሐይቁ ዳር የሳቡት። «ሁለት ክረምት ፈጀን።
ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ነበር የምንታረቀው፣ ሰንብተን ተጣልተን፤
ራቁቱን የተቀመጠ ሰው አይዋሽም።
ይኼስ ስንት ያወጣል?»

ሕጉን አሳጥሬ ነገርኩት፣ ሌላ መንገድ አልነበረም፦
ከመሬት በታች ያለ ከስፋት አይቆጠርም፤
ቢሞቅ፣ ቢያምር እንኳ ከላዩ አይደመርም።

«ከመሬት በታች ያለ...» አለ ቀስ ብሎ፣
እንደ ታመመ ልጅ ግንባር፣ ድንጋዩ ላይ እጁን ጥሎ።
«እንግዲያው ኤይኖም አይቆጠርም።»
መብራቱን አጠፋ። ወጣን።

ቤት ለብቻው አይገመትም፤ ጎረቤት ይጠራል፣
በቅርብ የተሸጠ ሦስት ቤት ለምስክር ይቆማል፤
ከበለጠው ተቀንሶ፣ ለጎደለው ተጨምሮ፣
እንደ ቅቤ ይወጣል አንድ ቁጥር ተነጥሮ።

አንደኛው ከዳገቱ ጫፍ፣ ሦስተኛው ከትምህርት ቤቱ ማዶ፤
ሁለተኛው በየካቲት የተሸጠ፣ ደጁ ገና በረዶ።
ሲመሽ፣ መኪናዬን አቁሜ፣ ከመንገድ ዳር ፎቶ አነሣሁት።
ማታ መዝገቡን ስገልጥ የሻጩን ስም አየሁት፦
ላህቴላ፣ አርቪድ። የወንድሙ ወራሽ።

ባዶ ቤት ማሞቅ ከብዶት፣ ቧንቧው ሳይፈነዳ፣
በመጀመሪያው ሳምንት፣ ለመጀመሪያው እንግዳ፣
በተጠራለት ዋጋ ፈርሞ ሰጥቷል።
የኤይኖን ቤት አርክሶ የሸጠ ዕለት
የራሱንም አብሮ ማርከሱን ማን ነግሮት?

ልተወው ብዬ ነበር። ሌላ ምስክር ፈለግሁ፣
እስከ ወደቡ ድረስ ስድስት ወር አገላበጥኩ።
ከሱ የቀረበ የለም። ሁለተኛው ሁለተኛ ሆኖ ቀረ፤
ቁጥሩም ወረደ፣ ጣራውን ለመክደን ግን ደኅና ነበረ።

ግምቱ በደረሰው ሳምንት፣ ዓርብ ማታ፣ ደወለ።
ሊጣላኝ መስሎኝ ተነሣሁ፤ ድምፁ ግን የዋለለ፤
ስለ ዋጋ መነጋገር አይፈቀድልኝም፤
እሱም የጠየቀኝ ስለ ዋጋ አልነበረም።
«ከሁለተኛው ፎቶ፣ በሩን የተደገፈው አካፋ
የኔ ነው፣ ረስቼው ነው። ለመሆኑ ሰው አለበት? መብራቱስ አልጠፋ?
እዚያም ታች ሠርተን ነበር፣ ከዚህኛው አነስ ያለ።»

ፎቶውን አሰፋሁት፦ በረዶ፣ አካፋ፣ የተዘጋ በር፤
ከመሬቱ ጠርዝ ላይ፣ ከአንዲት ጠባብ መስኮት ሥር፣
ቢጫ ነገር ነበር።

«በርቷል» አልኩት።