በቡኻ መንገድ ዳር

ከኸሰብ ወደ ቡኻ፣ ሐሙስ ቀትር ሲሆን፣
ጎማችን ፈነዳ፤ መታጠፊያው ጥግ ቆምን።
የሞዛ አባት በላብ ተጠምቆ ክሪኩን ሲያዞር፣
እኔና ሞዛ ጥላ ፍለጋ ሄድን፣ ከአንድ ድንጋይ ሥር።

ሐውልት ነው ለካ። ፍየሎች ቀድመው ጥላውን ይዘዋል፣
አንዲቱ ነሐሱን ትልሳለች፤ የባሕር ጨው ደርቆበታል።
ሞዛ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ ያየችውን ሁሉ ታነባለች፣
የሱቅ ስም፣ የወተት ካርቶን። ፍየሏን ገፋ አድርጋ ጀመረች።

«ካፒቴን ሮላንድ በን... በንጂ...» ከዚያ በላይ አልሆነላትም፤
ከሥሩ በፈረንጅ ፊደል ፔንጌሊ ይላል፣ እኔም አላረምኳትም።
ያን ሁሉ ውሃ ተሻግሮ የመጣ የጌታ ስም፣
በወለቀ ጥርሷ በኩል ወድቆ ቀረ፤ አላዘንኩም።

«ይህን ወሽመጥ ያገኘ፣ ጥልቀቱን በገመድ የለካ፣
የመጀመሪያው ሰው።»
                      ጠፍቶ ነበር ለካ?

አባቷ ሰማን። ቀና አለ፣ እጁ በግራሶ ጠቁሮ፤
«የአያቴ አያት እዚችው ጋ ነበር መረብ የሚጥለው፣ ድሮ።
እሱንም ሳያገኘው አልቀረም» ብሎ ሳቀ፣
ወደ ብሎኑ ተመለሰ፤ አጠበቀ።

ግርጌው ላይ አንዲት መስመር አለች፣ ፊደሏ ከጉንዳን ያነሰ፣
ሞዛ ተንበርክካ አነበበች፤ ቀሚሷ አቧራ ለበሰ።
«ከአንድ ያገሩ ደሊል ጋር።»
ደሊል ምንድን ነው?
                      እጄን ይዛ ሁለት እርምጃ ቀደመችኝ፣
የሚያደናቅፈውን ድንጋይ በእግሯ ጠቁማ፣ «እንዲህ!» አለችኝ።

በእኛ መሪ ነው። አለቱን በጨለማ የሚያውቅ፣
ገመድ ሳይጥል፣ በማዕበሉ ድምፅ ብቻ የሚጠነቅቅ።
ስሙን ግን ነሐስ አልበቃውም።

እኔ በዚህ ቤት ሜሪ ነኝ።
እታገኘሁ ይረዝማል አለ ኤጀንሲው፤ ቅጽ ላይ አሳጠረኝ።
ከአራት ወንድ ኋላ መጥቼ፣ ታላቄ በአምስት ዓመቱ
ደጅ ወጥቶ «እት አገኘሁ!» ብሎ ሲጮህ ሰምታ ነው ያወጣችልኝ እናቱ።
ምንም አልለካም። ድንጋይም አላቆመ።

የውሃ ጠርሙሴን ከፈትኩ፣ ጣቴን ነከርኩ፣
በጋለው ድንጋይ ላይ፣ ከፍየሏ አፍ አጠገብ፣ መሪ ብዬ ጻፍኩ።
መሪና ሜሪን የምትለያቸው አንዲት ቀለበት ናት፣
ከፊደሉ ግርጌ የምትጠልቅ፤ የጣት አይደለችም፣ የእግር ናት።

«ሪ»ን ሳልጨርስ «መ» ደረቀ።
ደግሜ ጻፍኩ። ደግሞ ደረቀ።

ክሪኩ ወረደ። «ሜሪ! ያላ!» ብሎ ተጣራ።
ከሁለታችን ማንን እንደሆነ እንጃ፤
ተነሣሁ።