ላልቶ፣ ጠብቆ

አስራ ሁለት ዓመት ባንኮኒ ተደግፌ፣
የሰው ስም ስጠራ፣ የሰው ስም ጽፌ፣
ሻንጣ ስመዝን በእጄም በሚዛኑም፣
(ሚዛኑ ይስታል፣ እጄ ግን አይስትም)
ይኼ በረዶ ላይ የተኛ ቆሮሶ፣
ይኼ የሙሽራ ሱፍ፣ ትናንት ተተኩሶ፣
ይኼ አቮካዶ ነው፣ በጥሬው የተለቀመ፣
አዲስ አበባ ሲደርስ ሊበላ የታለመ፤
ዚፑ ሳይከፈት ዐውቀው ነበር።

ባለፈው መስከረም ማሽኖቹ ሐዋሳ ገቡ።
ሁለት ናቸው፣ ነጭ፣ ቁመታቸው እስከ አገጬ።
ሊተክላቸው የመጣው ልጅ፣ ኢዮሲያስ፣
መነጽሩን በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ፣
«መንገደኛው ፊቱን ያሳየዋል፣
መታወቂያውን ያስነካል፣ ወረቀቱ ይወጣል፣
ሻንጣው በራሱ ቀበቶ ይጓዛል፤
የአርባ ደቂቃው ሰልፍ አራት ደቂቃ ይሆናል» አለን።
«እኛስ?» አልኩት።
«እናንተማ አጠገቡ ትቆማላችሁ።»

ሐሰት አልናገርም፤ ሠራ።
ከፓርኩ የመጣው ባለ ጨርቅ ናሙና፣
ልጇን ያዘለች እናት፣ ቀና የማይል ባለ ስልክ ተማሪ፣
ሽው ሽው እያሉ አለፉ።
ጉልበቴ አመሰገነ፤ ጉሮሮዬም ዐረፈ።
አባ ኮዳ እንኳ፣ ያ ባለ ጥቁር ካፖርት፣
ከሐይቁ መጥቶ በሩ ላይ ቢገተር፣
መስተዋቱ ሸርተት ብሎ ተከፈተለት፤
ገባ፤ አንገቱን አዙሮ አንድ በአንድ ገመገመን፤
የሚቀመስ ነገር እንደሌለን ሲረዳ
እንደ ተቆጣጣሪ ወጣ።

ከዚያ አንድ ማክሰኞ አቶ ሐሜሶ መጡ፣
መረብ ጠጋኙ፣ ከአሞራ ገደል በኩል።
ታናሽ ልጃቸው ነርስ ናት አዲስ አበባ፤
ወልዳለች፤ ትኬቱን የላከች እሷ ናት።
ጥቅልላቸውን አነሣሁት፦ ቀላል፣ ቋጠሮ የበዛበት፣
በመረብ ክር የታታ የሕፃን አልጋ።
ባርኔጣቸውን አውልቀው፣
«ኬሬ» አሉት ማሽኑን።
ፊታቸውን ወደደው፤ አረንጓዴ በራ።
መታወቂያውን ሲያስነኩት ቀላ፦
መንገደኛው አልተገኘም።
እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣
«ይኸው አለሁ እንጂ! ወዴት ነው የምገኝ?»
ደገሙት። ሠለሱት።
ከኋላቸው ሰልፉ፣ ያ የማውቀው ሰልፍ፣
እንደ ደንገል መልሶ በቀለ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ።
በላቲኑ ፊደል፣ መታወቂያው ላይ አንድ «ኤስ»፣
ትኬቱ ላይ ሁለት።
የቀበሌው ጸሐፊ ያየውን ጻፈ፤
ልጅቱ የሰማችውን፦
ጀልባ የዘገየ ማታ፣ እናቷ ከሐይቁ ዳር፣
በጨለማው ላይ ስሙን ስትጣራ፣
ጠብቃ ጠብቃ፣
«ሶ»ዋን በጥርሷ ረግጣ ያጠበቀቻትን።

በእኛ ፊደል ይኼ አይጻፍም።
«ገና» ብለን ጽፈን ሰው በዓሉን ከቀረው ይለያል፣
ማንም ምልክት አይጠይቀንም፤
የሚያነበው ሰው ያላላል፣ የሚያነበው ሰው ያጠብቃል።
ማሽኑ ቆጥሮ ያነባል። ምን ያድርግ፣
ያስተማሩት መቁጠር ነው።

ኢዮሲያስ ስልክ ደወለ፣ ዘጋ፣ ደወለ።
«ሲስተሙ እምቢ አለ» አለኝ፤ ጆሮው ቀልቷል።
ከባንኮኒው ኋላ ሄጄ መሳቢያውን ጎተትኩ፤
አቧራ፣ የደረቀ ማህተም፣ አንድ የሚጽፍ እስክሪብቶ።
የመሳፈሪያውን ካርድ በእጄ ጻፍኩ፣ ሁለቱንም «ኤስ»፣
አጠገቡ ፈረምኩ፤ ጥፋት ከሆነ የእኔ ነው።
ልጁ አየኝ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር።
ማስታወሻ ደብተር አወጣና፣
«ሌላስ እንዲህ ያለ ስም ታውቂያለሽ?»
«ጻፍ» አልኩት፤ «ላሚሶ። ዳንጊሶ። ቡሪሶ።
ቀስ በል፣ ብዙ ናቸው።»

ሽማግሌው ሜዳውን በእግራቸው ሲያቋርጡ፣
አልጋውን አቅፈው፣ ነፋስ ባርኔጣቸውን ሲታገል፣
ሬዲዮዬ ተንኮሻኮሸ፦
«አንድ ሰው ይጎድለናል፤ በሩን ልንዘጋ ነው።
ዝርዝሩ ላይ ሐሜሶ የሚባል የለም። አለ እንዴ?»

«አለ» አልኩ፣
አጥብቄ።