ወለሉን መጀመሪያ

ስልክህን ዝጋና ጎማው ላይ ተቀመጥ፤
ምስሏ ታምራለች፣ ምስል ግን አይሮጥ።
«ባጊ» ስትለኝ ባጃጅ ነበር የመሰለኝ፤
ስቄብህ ከሆነ፣ አዛናው፣ ይቅር በለኝ።
«የባሕር ዳር መኪና» ብለህ ስታስረዳኝ
ከተማዋን መስሎኝ፣ ሳልነሣ መንገዱ ጎዳኝ።

እሺ፤ ከሁሉ በፊት፣ የት ነው የምትነዳት?
ጎንደር ባሕር የላት፣ ዳገት ነው ያላት።
አሸዋ የምታየው አዘዞ ላይ ሲራገፍ
ለግንባታ ነው እንጂ ለጎማ አይነጠፍ።
ያለህ ጎርጎራ ነው፤ ከቆላ ድባ ወዲያ፣
ጣና ዳር ለመድረስ ማቋረጥ ደምቢያ።
በበጋ ዋልካው ተሰንጥቆ እግር ይውጣል፣
በክረምት ያብጥና ጎማ ይጎርሳል።

ነፍሱን ይማረውና፣ የአባትህ ቮልስ አለች፣ ግቢ የቆመችው፤
ስንት ክረምት ሆናት፣ ዝናብ የጠገበችው?
ቀለሟን አትመልከት፣ ቀለም አፈኛ ነው፤
ከምንጣፉ ሥር ነው እውነቱ ያለው።
መዶሻ ያዝና ወለሉን ቀስ ብለህ ምታ፤
ደኅና ብረት ይጮኻል፣ የዛገው ግን ዝምታ።
ዝም ካለህ፣ አደራ፣ በስቱኮ አትደልል፤
ስቱኮ ዕዳ ያራዝማል እንጂ ዕዳ አይከፍል።

ከዚያ ወገቧን ነው ለክተህ ቆርጠህ የምታወጣው፤
ሠላሳ አምስት ሳንቲም፣ ክንድ የማይሞላው።
ሁለት ጣት ከሳትህ በሩቅ ትታወቃለች፤
አፍንጫዋ ወደ ጭልጋ፣ ጅራቷ ወደ ደባርቅ ትሄዳለች።
በያጁስ ማነው? የመስኮት ፍርግርግ የሚሠራው ጎረቤትህ?
ፍርግርግ ቢላቀቅ ሌባ ነው፤ ይኼ ቢላቀቅ፣ ነፍስህ።

መንገድ ትራንስፖርት ሂድና ሊብሬህን አሳይ፤
ወረቀቱ ቮልስ ይላል፤ «የታለች?» ይልሃል ሲያይ።
«ጣሪያዋስ?»
«ቆረጥሁት።»
«በሯስ?»
«ሸጥሁት።»
«ቦሎስ?»
ያን ጊዜ ነው፣ «ምነው ባልጀመርሁት!»
ከመቁረጥህ በፊት ሂድ፣ ጠይቅ፣ አስጽፍ፣ አስፈርም፤
ብረት ተመልሶ ይበየዳል፣ ወረቀት ግን አይታረም።

ትርንጎስ ምን አለች? ጸጉሯን ተሠርታ
ከማራኪ እስክትደርስ በረዶ ሲመታት ማታ?
ቀበቶ አስገባላት፤ ከራሷም በላይ ወፍራም ቱቦ አጥፈህ፤
መኪናው ሲገለበጥ ጣሪያው ማን ሊሆን ነው? አንተ ነህ።
ብሩንስ? የያዝኸውን ቁጠር፣ ከዚያ እጥፍ አድርገው፤
ለማንም አትንገር፤ ግማሹን ብሎን ነው የሚበላው።

«አንተ ከየት አወቅህ?» እንዳትለኝ፤ ና፣ ተከተለኝ።
ሸራውን ግለጠው።
አዎ። የኔ ናት። አትሳቅብኝ።
ሰማያዊ ነበረች። አሁን ዶሮ ናት ባለቤቷ፤
የሾፌሩ ወንበር ሆኗል መታቀፊያ ቤቷ።

ወለሉን አላየሁም። መዶሻም አላነሣሁ።
ማንንም አልጠየቅሁ። ወደድሁ፣ ቆረጥሁ።
አንዴ ብቻ፣ በጥቅምት፣ ጎርጎራ ደረስሁ፤
ስመለስ አይሱዙ ላይ ተጭኜ፣ ፊቴን ሸፍኜ ገባሁ።

ግን ያን ቀን፣ አዛናው (ይኼን አልነግርህም ብዬ ነበር)
በዚያች ሩብ ሰዓት፣ ከደንገሉ ዳር፣
ከጎንም ከላይም ምንም ሳይጋርደኝ፣
የጣና ነፋስ ሸሚዜን እንደ ፊኛ ሲነፋብኝ፣
ጭቃው ጥርሴ ድረስ ሲፈናጠር፣
አንድ ዓሣ አጥማጅ ታንኳውን አቆመና
«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለኝ።
«እኔም አላውቅም» አልሁት። እውነቴን ነው።
ሁለታችንም ሳቅን፤ እሱ መቅዘፊያው እስኪወድቅ።

በል ሂድ።
ቆይ።
ነገ ጠዋት፣ ከሥራ በፊት፣ ምንጣፏን አውጣላት።
ዝም ካለች፣ ዝም እንላለን።
መዶሻውን እኔ ይዤ እመጣለሁ።