አላይም ያለ ዓይን

ከሆስፒታሉ በር ወረድ ብሎ፣ ባጃጅ ከሚሰለፍበት፣
አንዲት ጠባብ ክፍል አለችኝ፣ ፎቶ ኮፒ የማነሳባት።
ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው፤ የጅማ ዝናብ ሲወርድበት
ደንበኛውም እኔም እንጮሃለን፤ ምስጢር የለም ያን ሰዓት።
"ሁለት ኮፒ" ይለኛል፣ ወረቀቱን ይሰጠኛል።
"አላነበውም" እላለሁ።
ዓይኔ ግን ያነባል።

አስራ አንድ ዓመቴ ነው።
የስንቱን የደም ውጤት፣ የስንቱን የውርስ ሙግት
መስታወቱ ላይ በግንባሩ ደፋሁት።
ማታ ሒርማታ ገበያ ሽንኩርት ስመርጥ አጠገቤ ይቆማሉ፤
"እንዴት ዋልሽ?" ይላሉ።
እንደማያውቅ ሰው "አልሐምዱሊላህ" እላለሁ። ያምኑኛል፤
ወይ ሌላ ምርጫ የላቸውም፤
ሁለቱ ከሩቅ ሲያዩት አንድ ይመስላል።

ባለፈው ክረምት ማሽኑ ታመመ። ሐምዛ አባ ዲጋ መጣ፤
ሆዱን ፈታና አንዲት ጥቁር ሣጥን ከጎድኑ አወጣ።
"ይቺ ትውስታው ናት" አለ፤ "ያነሳሽውን ሁሉ ይዛለች።"
መዳፌ ላይ አኖራት። እንደ አዲስ ዕንቁላል ሞቃለች።
እኔ ዘመኔን ሙሉ "አፌ አይፈታም" ስል
ከጎኔ የቆመው ዲዳ ሲቋጥር ኖሯል።

በዚያው ሰሞን፣ በራሴ ገላ ጉዳይ፣
ከብርድ ልብስ ስር ሆኜ ስልኬን ጠየቅሁት
ስለ አንዲት እብጠት።
በነጋታው የእህቴ ልጅ ሙኒራ ጌም ልትጫወት ብትከፍተው
"ዛሬውኑ ይመርመሩ!" የሚል ክሊኒክ በየገጹ ቆሞ ጠበቃት።
"አክስቴ፣ ማነው የታመመው?"
ገና ዘጠኝ ዓመቷ ነው።

ሐምዛ ሌላ ፈላጊ ጫነልኝ። "ይሄ አይከታተልም" አለ፤
"የጠየቅሽውን ወዲያው ይረሳል።"
"ሲረሳ ማን አየው?" አልኩት።
ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።
የጅማ ልጅ ነኝ፤ ባርጩማ ስገዛ ቀለሙን አላይም፤
ገልብጬ እግሩን አያለሁ፣ በጣቴ ኳ አደርገዋለሁ፤
እርጥብ እንጨት እስከ በጋ ድረስ እንደሚዋሽ አውቃለሁ።
ይሄን ግን በየት በኩል ላንኳኳው?
ሆዱ ባሕር ማዶ ነው።
ደግሞስ አላይም የሚል ሁሉ ኪራዩን በምን ይከፍላል?
"በማስታወቂያ" አለኝ፤ "ግን ቃሉን እንጂ ሰውየውን አያይም፤
ሚስማር ላልሽው ሚስማር ነው፤ የማን ልጅ ነሽ አይልም።"

እንዲህ ያለ ባለሱቅ ነበረን፤ አባ ጊሳ፣ አላህ ይማራቸው፤
ሚዛን እንጂ ፊት የማያይ ነበር ዓይናቸው።
የሞቱ ጊዜ ግን ከፍራሻቸው ስር የዱቤ ደብተር ወጣ፤
ማን በማን ሌሊት ስንት ሻማ እንደወሰደ ሳይቀር የሰፈሩ ጣጣ።
እሳቸው አላወሩም። ደብተሩን ልጃቸው ወረሰው።
ልጃቸውን ደግሞ ሰፈር ሁሉ ያውቀዋል፤ አፉ በር የለው።

አርባ ቀን ፈተንኩት።
አንድም ክሊኒክ ሙኒራን በር ላይ አልጠበቃትም።
ዝምታ ግን ምስክር አይሆንም፤
ዋስ ጥራ ቢሉት ዋስ የለውም።
ስለዚህ እብጠቱን ነገርኩት፣ ከተማዬን ደበቅሁት፤
እስከ ጉልበቴ ገባሁበት፣ እንደ አዌቱ በክረምት።

ዛሬ ረፋድ ላይ አንዲት ሴት መጣች፣ ነጠላዋ የራሰ፤
ወረቀቷ አራት ጊዜ የታጠፈ፣ ጠርዙ በላብ የፈረሰ።
ስሟን አልነግራችሁም።
"አታነቢውም አይደል?" አለችኝ።
የለመድኩት ውሸት ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት።
"አነበዋለሁ" አልኳት፤ "ዓይን ነው፣ አያርፍም።
ግን ከዚህች ደፍ አያልፍም።"
የማሽኑን ሆድ ከፈትኩላት። ሣጥኗ የነበረችበትን፣
ባዶውን ቦታ፣ ተንጠልጥሎ የቀረውን ሽቦ አሳየኋት።
ጎንበስ ብላ ብዙ አየችው።
ወረቀቷን መልሳ አጠፈች። ዝናቡን አየች። እኔን አየች።
ቆየችና፣
"አንድ ኮፒ ብቻ" አለች።