የክፍል አሥራ አራት መስኮት

ገና ሳይነጋጋ፣ አሥራ ሁለት ተኩል፣
ስልኩ ትራሴ ሥር፣ እንደ ጥንዚዛ ሲል፣
ካላም ነው። ካላምን፣ ፊቱን አላውቀውም፤
እሱም በሦስት ዓመት፣ አይቶኝም አያውቅም።
ድምፁን ከነሳሉ፣ ለይቼ አውቃለሁ፤
«ትችያለሽ ዛሬ?» «አዎ እችላለሁ።»
ከቀን ክፍያዬ ላይ፣ ድርሻውን ይቆርጣል፤
«የቱ ትምህርት ቤት?» ስል፣ «በጽሑፍ ይመጣል።»

ትናንት ኬሚስትሪ፣ ከትናንት በስቲያ ሸክላ ሥራ፣
ባለፈው ወር ጀርመንኛ፣ ከሰላምታው ወዲያ ቃል ሳላውቅ ክፍሉን ስመራ፤
እኔ የሂሳብ ሰው ነኝ።
ማንም አልጠየቀኝ፤ እኔም አላወራ።

መልእክቱ የደረሰኝ አውቶቡስ ላይ ነው፤ ጃንጥላዬ እግሬ ሥር ኩሬ ሠርቶ፣
ግሪምስቢ ዝናብ ለብሳ፣ የዓሣው ወደብ መብራት ገና በርቶ።
አነበብኩት። ደገምኩት።
ያን ትምህርት ቤት አውቀዋለሁ፤
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ደመወዝ በልቼበታለሁ።
«ተማሪው ቀነሰ፣ በጀቱም አልበቃን» ብለው፣
በአንድ ኬክና በአንድ ካርድ የሸኙኝ እነሱ ናቸው።

እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ አዲስ ናት፤
መታወቂያዬን ከፎቶው፣ ፎቶውን ከእኔ አስተያየች፤
ቀይ ማንጠልጠያ ያለው ባጅ ሰጠችኝ። «ጎብኚ» ይላል።
«ክፍል አሥራ አራት፣ በደረጃው ወጥተው ወደ ግራ ነው» አለች።
እኔም እንደ ባዕድ ጣቷን ተከትዬ አየሁ፤
እግሬ ግን ቀድሞኝ ሄዷል፤ አሥራ ሰባት ደረጃ፣ ስምንተኛው ጠርዙ የተሸረፈ።
ኮሪደሩ ላይ ኮልትማን አለፈ፤
ስንት ሌሊት አብሮኝ ፈተና ያረመ፣
ዓይኑ ባጄ ላይ ቀረ፤ ፊቴ ጋ ሳይደርስ ደወሉ ቀደመ።

ወንበሬ ላይ (ወንበሬ አልኩ?) የሚስተር ፔቲፈር ሹራብ ተሰቅሏል፤
ኩባያው ውስጥ የሰኞ ሻይ ሻግቷል።
ለምን እንደቀረ አልነገሩኝም፤ ሐዘን ይሁን ጉንፋን፣
ሹራብ አይናገር፤ ወረቀቱም ያለው
«ገጽ ስልሳ ሁለት፣ በጸጥታ» ብቻ ነው።

«ሚስ፣ ምትክ ነሽ?»
«ምትክ ነኝ።»
«እሰይ!»
ስም ስጠራ፣ ማይሲ ኬድን ነኝ አለች፤ ኬድን ዙዛና ነኝ አለ፤
ዙዛና ራሷ ቀና ብላ፣ «ዙዛና ቀርታለች፤ ታማለች» አለች።
ቀልዱን አውቀዋለሁ፤ ከእኔ ቀድሞ ነው ይህን ክፍል የለመደ።
እንዳላወቀ ሰው ምልክቴን አደረግሁ።

ማሞቂያው ግን ያለ ልክ ነደደ።
«መስኮቱ አይከፈትም ሚስ፤ ጥገናው ሰውዬም ታግሎት ሄደ።»

ተነሣሁ።
ግራ ጥጉን፣ ከታች፣ በመዳፌ አንዴ መታሁ፤ ከዚያ ወደ ላይ።
የባሕር ነፋስ ገባ፤ የዝናብ፣ የአልጌ፣ የናፍጣ ሽታ፣
ሃያ ስምንት ደብተር ገጹን ገለበጠ በአንድ አፍታ።
ሃያ ስምንቱም ልጅ ዝም።

«እንዴት አወቅሽ?» አለች ያች የታመመችው።
ምን ልበላት?
ጠመኔ ከዚህ ቤት ከጠፋ ስንት ዓመቱ፤ እኔ እጄን አራገፍኩ፤
«መስኮት ሁሉ እንዲህ ነው» አልኩ።
አላመነችኝም። ደግ አደረገች።

ሲወጡ ወደ ኋላ ቀርታ፣ ቦርሳዋን በአንድ ትከሻ፣
«ዙዛና እኔ ነኝ» አለች።
«አውቄያለሁ።»
«ነገ ትመጫለሽ?»
«ካላም ነው የሚያውቀው።»
«ካላም ማን ነው?»
እንጃ። እኔም ሳል ብቻ ነው የማውቀው።

የሰዓት ቅጹን ሞላሁ። ዝናቡ እየከፋ
ወለሉን ሲያርሰው መስኮቱን ዘጋሁት፤
ተመልሶ ተጣበቀ፣ እንደ ጥንቱ።
የተሰጠኝ ማስታወሻ ሦስት መስመር ባዶ ነበረው። ጻፍኩበት፦
ባህሪ፦ ደህና።
ሥራ፦ እስከ ገጽ ስልሳ ሦስት።
መስኮቱ፦ ግራ ጥጉን፣ ከታች፣ በመዳፍ። አንዴ ብቻ።