የጉም ምስክር

ደሴታችን ትንሽ ናት፣ ነፋሷ ግን ትልቅ፤
ዛፍ ቢተከልባት አንድም የማይጸድቅ።
ከስኮትላንድ በስተ ምዕራብ፣ ጀልባ እንደ ፈቀደች የምትመጣበት፣
ዘጠኝ ጉድጓድ የጎልፍ ሜዳ አለን፣ በግ ሣሩን የሚያጭድበት።
መግቢያው የቆርቆሮ ሣጥን ነው፣ ጠባቂ የሌለው፣
ሰው እንደ ሕሊናው ሳንቲም የሚጥለው።
እኔ ሞራግ ነኝ፤ ጸሐፊ፣ ጉድጓድ ዙሪያ አጫጅ፣
የደንብ ጠባቂ፣ ስለዚህም ብዙ የሌለኝ ወዳጅ።

ሠላሳ ስምንት ዓመት ሞተር ሲፈታታ፣
የኖረው ላክላን ማክፊ፣ ጡረታ በወጣ ማታ፣
ዱላውን ተሸክሞ መጣ ወደ ሜዳ፤
ሰባቱ የራሱ፣ ሁለቱ የሟች ጎረቤት ዕዳ።
ክረምት የለ በጋ፣
ገና ሳይነጋ፣
ጫማው ውሃ ቋጥሮ፣ ኮቱ ላይ በረዶ፣
ይመታል፣ ይስታል፤ ይሄዳል ተናዶ፤
ነገ ይመለሳል።
ሚስቱ ሪና ትስቃለች፦ «ቅምጥ ብትኖረው
ጸጉሯን ይዤ በጎተትኩ፤ ከነጭ ኳስ ጋር ምን ላድርገው?»

ጀማሪ ካየ ማን ይዞት፣ ሳይጠየቅ ያስተምራል፤
ግማሽ ደንቆሮ ነውና ድምፁ ሜዳውን ይሞላል፦
«ዱላውን አትነቀው! ብሎን እስኪበቃው አጥብቅ፣
ከዚያ ሩብ ዙር መልስ፤ ያ ነው የመዳፍ ሐቅ።
መጀመሪያ ኳሷን፣ ቀጥሎ ነው ሣሩን፤
መሬት ቀድመህ ካረስክ፣ ገብስ ዝራና አጥረው ዳሩን።
ነፋስ ፊት ለፊት ሲመጣ አትጣላው ወንድሜ፤
አጭር ወዝውዝ፣ ኳሷን ዝቅ፤ ይህን ያወቅሁት በዕድሜ።
አሸዋ ከገባች ኳሷን አትምታት፤
ከኋላዋ ሁለት ጣት አሸዋውን ምታ፣ እሱ ይሸከማት።»

ይህን ሁሉ ይልና፣ ጉድጓድ አፍ ሲደርስ፣
ሦስት ስንዝር ሲቀረው፣ እጁ ይጀምራል መርበትበት፣ መንፈስፈስ፤
አሮጌው ሞተር ዛሬም በክንዱ የሚዞር ይመስላል።
ኳሷ ከንፈር ስማ ታልፋለች፤ እሱ ይራገማል
በጌሊክ፤ ቄሳችን እንኳ ያልሰማ ለመምሰል ያስላል።

አራተኛው ጉድጓድ ከገደል ማዶ ነው፣ ከባሕር ሰርጥ ላይ፣
መቶ አርባ ሜትር፣ ባንዲራው በጉም ቀን የማይታይ።
በጥቅምት አንድ ማለዳ ብቻውን ወጣ፤
ከሁለት ሰዓት በኋላ ወደ ቢሮዬ መጣ።
ቆቡን አወለቀ፤
ካርዱን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረ፤ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ዝም።
አየሁት፦ ከአራተኛው ጎን «አንድ»። ምስክር በሚለው ሥር «ጉም»።

«ላክላን፣» አልኩት፣ «ሰው ያላየው አይወጣም ከሰሌዳ።»
«ጻፊው መች አልኩሽ?» አለና፣ በመስኮቱ ወደ ሜዳ
ዞሮ ቆየ። «ድምፁን ሰምቻለሁ፤ ጠቅ! አለች ከብረቱ።»
«በየትኛው ጆሮህ?» «በደህናው» አለ፣ ቀላ ፊቱ።
«ሣሩን ፈለግሁ፣ ገደሉን ፈለግሁ፤ ምንም። ባንዲራውን ነቀልኩ፣
በመጨረሻ እጄን ጉድጓዱ ውስጥ ከተትኩ።»
መዳፉን ዘረጋ። ኳሷ ነበረች፤ እርጥብ።
አልሳቅኩ።

ሰሌዳው ላይ ስሙ የለም፤ ደንብ ደንብ ነውና።
ግን ሣር ሳጭድ፣ አራተኛው ጋ ስደርስ፣ ማሽኑን አጠፋና
ግራ ቀኝ አይቼ፣
ባንዲራ ነቅዬ፣ በጉልበቴ ተደፍቼ፣
እጄን እከታለሁ እስከ አንጓዬ ድረስ። ባዶ ነው፤ ጤዛ ብቻ።
ከገደሉ ማዶ ላክላን ይጮኻል፦
«ሞራግ! ጉልበት ትንሽ እጠፍ ነው፣ እንዲያ መደፋት ምንድን ነው?»
ዱላ እንኳ አልያዝኩም።