አርባ ሰዓት

ሙባረኪያ ገበያ፣ ከቴምሩ ተራ ወደ ግራ ታጥፌ፣
ከመቁጠሪያ ሻጩ፣ ከሽቶ ነጋዴው በትከሻዬ አልፌ፣
ቫርጊስ ደጅ የቆምኩት ባትሪ ላስቀይር ነው፣ ለአንድ ዲናር ሰዓቴ፤
መስታወቱ ውስጥ ተጋድሞ ሳየው ተላወሰ አንጀቴ።

ወርቁን ማን ያየዋል? እዚህ አገር ወርቅ እንደ ቴምር ይመዘናል።
ከሦስት ቁጥር ጎን ጭረት አለችበት፤ ዕቃም እንደ ሰው በጠባሳው ይታመናል።
ያቺን ጭረት ያተምኳት እኔ ነኝ፤
የጾሙ ዋዜማ ከቧንቧው አጋጨሁት፣ ሽማግሌው አይቶ ዝም አለኝ።

ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ከንጋት ሶላት ሲመለስ፣ እጁን ይዘረጋል
አቡ ፈይሰል፤ ጣቱ እንደ ቅጠል ይርገበገባል።
መድኃኒቱን ሰጥቼ፣ ገንፎውን አብርጄ፣ ሰዓቱን እሞላለሁ፤
ሃያ ስምንት ዙር፣ ሃያ ሰባተኛው ላይ እጄን አለዝባለሁ።
«እምቢ ሲልሽ ተዪው» ይላል፤ «ብረት እንኳ ጥጋብ ያውቃል፣
ልጆቼን ግን እያቸው…» ሳሉ ሳቁን ይነጥቃል።

«በአንቺ ስንት ነው ዛሬ?» ይለኛል ቀልድ ሲያምረው፤
እሱ ሰባት ካለ፣ እኔ አንድ ነው የምለው።
አንድ ፀሐይ፣ አንድ ዘንግ፣ ሁለት ቆጠራ፤
ስድስት ሰዓት ተራርቀን አንድ ጠረጴዛ ስንጋራ።

ደግ ብቻ አልነበረም።
ፓስፖርቴን ሁለት ዓመት ከዚያው መሳቢያ ቆልፎበታል፣ አልረሳሁም።
በሦስተኛው ዓመት ቁልፉን ከመዳፌ አኖረ፣
ምንም ሳይናገር፤ ከዚያ ስለ ዓሣ ዋጋ ማውራት ጀመረ።

የሞተ ዕለት ጠዋት ሞልቼለት ነበር።
ቀትር ላይ አረፈ፤ ፀሐይ ሳትጠልቅ ገባ መቃብር።
ሰዓቱ ግን መርዶ አልሰማም፤
ከመሳቢያው ውስጥ ሄደ፣ ሄደ፤ ጆሮ የሰጠው የለም ማንም።
በማግስቱ ምሽት ልብሱን ሳጣጥፍ፣
ሦስት ሰዓት ላይ፣ ሰማሁት ሲል ዕርፍ።

አርባ ሰዓት ነው የሚችለው። ከዚያ በላይ ሰው ይፈልጋል።

ቫርጊስ ዋጋ ጠራ፦ «ስምንት መቶ ሰማንያ።»
ከሰባት ወር በላይ ደሞዜ ናት፤ የወንድሜ ባጃጅ ጎማ፣ የሐርቡው ቤት መዝጊያ።
«ፈይሰልም የሸጠው ለመኪናው ጎማ ነው» አለኝ፤
እዚያም ጎማ፣ እዚህም ጎማ፤ ሳቄ መጣብኝ።

ተከራከርኩ ከራሴ፣ ደጃፉን በዘንቢል ዘግቼ፦
የወንድ ነው፣ ሰፊ ነው፤ ወጥ ውስጥ ይገባል አንድ ቀን ረስቼ።
ፖሊስ ቢያስቆመኝስ? «የቤት ሠራተኛ፣ የወርቅ ሰዓት፣ ከየት?»
ደረሰኝ አለኝ ብል፣ ደረሰኝ የሚያምን ከየት?
«ጊዜ ለማየት ነው ይሄን ሁሉ?» ይላል ወንድሜ፤ እውነት አለው፤
ጊዜማ ስልኬም ላይ አለ፣ በነፃ ነው።

ግን ያበሰልኩት ተበላ፣ ያጠብኩት ቆሸሸ፤
ይሄ ብቻ ነው ከእጄ የወሰደውን ጉልበት ይዞ ያመሸ።

«ልያዘው?» አልኩ። አቀበለኝ፣ ጨርቁን አንጥፎ።
ከሩብ ጉዳይ ላይ ቆሟል፣ የማን ቀን እንደሆነ ሳያውቅ፣ አቧራ አቅፎ።
ሃያ ስምንት ዙር፤ ሃያ ሰባተኛው ላይ ጣቴ ለዘበ፣ ሳላዘው፤
ተነሣ። ከጆሮዬ አስጠጋሁት።
ይሄን ድምፅ ማን ይሽጠው፣ ማን ይግዛው?

«ቫርጊስ፣» አልኩት፣ «አርባ ሰዓት ስጠኝ።
ቆሞ ካገኘኸው ሽጠው፤ ሳይቆም ከደረስኩ ግን የኔ ነው፣ ጠብቀኝ።»
ሐሙስ ነበር፣ ምሽት አንድ ሰዓት።
ሳቀ፤ መዳፌን መታት።

ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ከጠዋቱ ሦስት።
ሁለት ሰዓት ቀርቶታል፤ ምናልባትም ያነሰ፣
ያረጀ ሞላ አይታመንም።
ገንዘቡ ከስኳር ጣሳው ውስጥ ነው፣ ሦስቴ ቆጠርኩት፤
እመቤቴ ተኝታለች፤ አንዱን ጫማ አጠለቅሁት።
የሳልሚያው አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ነው፣ ከመስኮት ይታየኛል።
አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ ይተሻሻሉ፣
በባዶ አየር ላይ፤
ስንት ዙር እንደሆነ አልቆጠርኩም።